ዴት መስከረምን ሲያውቅ፦ የሊኑክስ የትእዛዝ መስመር መገልገያዎችን ቀጣይ ማሻሻያ ከጋምቤላ ሆኖ ማቀድ

መግቢያ

በዲፓርትመንታችን ሊኑክስ የሚማር ተማሪ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከትንንሽ ትእዛዞች ጋር ነው። ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ፣ የሚገለብጠው ሲፒ፣ ቀንና ሰዓት የሚነግረን ዴት፣ መስመሮችን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው ሶርት፣ ቃልና ፊደል የሚቆጥረው ደብሊውሲ፣ ከመስመር ላይ የተፈለገውን ክፍል ቆርጦ የሚያወጣው ከት። አብዛኞቹ ግኑ ኮርዩቲልስ ከሚባል አንድ ጥቅል የሚመጡ ናቸው። ይህ ጥቅል ቀድሞ ሦስት የነበሩ ስብስቦች (የፋይል፣ የሼልና የጽሁፍ መገልገያዎች) እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ አንድ ላይ ተጠቃለው የተፈጠረ ነው።

እኛ እነዚህን ትእዛዞች ለፈተና ሸምድደን እናልፋለን። እንደ ሒሳብ ቀመር ያለቀላቸው፣ ማንም የማይነካቸው ነገሮች ይመስሉናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዛሬም ይቀየራሉ፣ ዛሬም ምን ይጨመር ምን ይቅር እየተባለ ይታቀዳል። ከቅርብ ጊዜዎቹ ለውጦች አንዱ ደግሞ በቀጥታ እኛን የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ የኮርዩቲልስ እትም ላይ ዴት የሚባለው ትእዛዝ ማሽኑ ለኢትዮጵያ አማርኛ በተዘጋጀበት ጊዜ ቀኑን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ማውጣት ጀምሯል። ለኢራንም እንዲሁ በራሷ አቆጣጠር፤ የታይላንዱም ከቀድሞው በተሻለ ወጥነት እንዲሠራ ተደርጓል።

ይህ ጽሁፍ ከዚህ ለውጥ ተነስቶ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። ጋምቤላ ያለ የኮምፒውተር ተማሪ ለእነዚህ መገልገያዎች ቀጣይ ዕቅድ ምን ሊያመጣ ይችላል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ከኮዱ በፊት የሚያስፈልገው እዚህ ያለን ዕውቀት ነው፤ የጎደለውም እሱ ነው። (ትእዛዞቹን በምንጠራቸው ድምፅ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ያልኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዓ.ም. ያልኩት በእኛ ነው።)

ሁለት አቆጣጠር በአንድ ከተማ

የጋምቤላ ከተማ መሃል ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚመለከት ሰው ችግሩን ለመረዳት ብዙ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም። የክልሉ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ደብዳቤያቸው የሚወጣው በዓ.ም. ነው። ከደቡብ ሱዳን ለመጡ ስደተኞች የሚሠሩት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰነድ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፋል። አንድ የስም ዝርዝር በፍላሽ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሻገር ቀኑም አብሮ መተርጎም አለበት ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፣ በጣቱ እየቆጠረ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ጊዜ ግን የማንም አቆጣጠር አይደለም። ሊኑክስ ጊዜን የሚይዘው እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 መጀመሪያ አንስቶ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። በእኛ ሲነገር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዴት የሚያደርገው ይህን አንድ ቁጥር ወስዶ ሰው በሚያነበው መልክ መጻፍ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን ማውጣት ጊዜውን መለወጥ ሳይሆን አለባበሱን መለወጥ ነው። ይህ ነጥብ በሚገባ ካልተያዘ የሚቀጥለው ሁሉ ይምታታል።

አለባበሱን የሚወስነው ሎኬል የሚባለው ነገር ነው። ሎኬል ማለት የአንድን አገርና ቋንቋ ልማድ የያዘ ፋይል ነው፦ የቀናት ስም፣ የወራት ስም፣ የገንዘብ ምልክት፣ የፊደል ቅደም ተከተል። የአማርኛው ሎኬል በግኑ ሲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የገባው ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ ፋይሉ የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽንንና የዳንኤል ያዕቆብን ስም ይዞ እ.ኤ.አ. 2003 ተብሎ ይነበባል። ፊደላችን ራሱ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ስለሆነ፣ ሥራው የተሠራው በቶሎ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም የሎኬሉ ፋይል አወቃቀር የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነበር። እናም በኡቡንቱ 22.04 ወይም 24.04 ላይ አማርኛን መርጣችሁ ዴት ብትሉት እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ ቀኑን በአማርኛ ይጠራና ወሩ ላይ ሲደርስ ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ ይላል። ጽሁፉ በፊደላችን ነው፣ ወሩ ግን የእኛ አይደለም። ጳጉሜን የሚቀመጥበት አሥራ ሦስተኛ ሳጥን የለማ! የ2025ቱ ለውጥ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ስም ከመተርጎም አልፎ ስሌቱን ራሱን ወደ መገልገያው አስገብቶታል። ከዚያ በፊት ይህን ስሌት ከሊኑክስ ዓለም ያገኘነው ኢማክስ በተባለው ጽሁፍ ማዘጋጃ ውስጥ ነበር፤ በካላንደሩ ላይ ፒ እና ኢ ሲጫኑ የኢትዮጵያን ቀን ይናገራል። በተርሚናል የወር ሰሌዳ የሚያሳየው ካል ደግሞ ከሌላ ጥቅል (ከዩቲል ሊኑክስ) የሚመጣ ስለሆነ የኮርዩቲልስ ለውጥ እሱን አይነካውም። ካል እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1752 ከሴፕቴምበር ላይ 11 ቀን እንደዘለለች ያውቃል፤ ጳጉሜን ግን አያውቅም።

ደስ ያለው ሁሉ አይደለም

እሺ፣ ታዲያ ዴት መስከረምን ካወቀ ምን ጎደለ? እዚህ ላይ ነው የዕቅድ ትምህርት የሚጀመረው።

የእነዚህን ትእዛዞች ውጤት የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም። ስክሪፕትም ያነበዋል። እንበልና አንድ መሥሪያ ቤት በየሌሊቱ መረጃውን እየገለበጠ የፋይሉን ስም በዴት ውጤት የሚሰይም ስክሪፕት አለው። ፋይሎቹ 2025 እያሉ ሲደረደሩ ቆይተው ማሽኑ አዲስ እትም ሲጫንበት አንድ ቀን 2018 የሚል ፋይል ቢፈጠር፣ አሮጌውን የሚሰርዘው ክፍል የትኛውን ይሰርዛል? በቁጥር ትንሹን ካለ የዛሬውን ይሰርዛል። ይህ እንዳይሆን ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ማድረግ ያለበት ነገር ቀላል ነው፤ በስክሪፕቱ አናት ላይ ኤልሲ ኦል የተባለውን ተለዋዋጭ ሲ ከሚለው ሎኬል ጋር እኩል ማድረግ። ያኔ ማሽኑ የማንም አገር ልማድ ሳይገባበት ይሠራል። ለዓይን የሚታየው በአማርኛ፣ ለማሽን የሚሰጠው በሲ። በክፍል ውስጥ ይህች መስመር እንደ ጌጥ ታልፋለች፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን በአንደኛው ሳምንት መሰጠት ያለባት ነች።

ከውጭም ትምህርት የሚሆኑ ሦስት ጉዳዮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ኤልኤስ በስማቸው መሃል ክፍት ቦታ ያለባቸውን ፋይሎች በጥቅስ ምልክት ከብቦ ማሳየት ጀመረ። ለውጡ ተርሚናል ላይ ብቻ እንዲታይ፣ ውጤቱ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሄድ እንዳይኖር ተደርጎ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ብዙ ተጠቃሚ ተቆጣ። የባሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የሆነው ነው። የግኑ ሲ ቤተ መጻሕፍት 2.28 እትም የፊደል ቅደም ተከተል ሰንጠረዦቹን አደሰ። በጎ ሥራ ነበር። ነገር ግን ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ማውጫዎቹን በዚያው ቅደም ተከተል ላይ ስለሚሠራ፣ ማሽኑን ያሳደገ ሰው ማውጫውን እንደገና ካልሠራ ያለ መዝገብ የለም ሊባል የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። ሦስተኛው የቅርብ ነው። ኡቡንቱ በኦክቶበር 2025 ባወጣው 25.10 ላይ የግኑን መገልገያዎች በረስት ቋንቋ እንደ አዲስ በተጻፉት ዩዩቲልስ ተካቸው። አዲሱ ዴት የአንድን ፋይል የመጨረሻ ለውጥ ጊዜ ለመጠየቅ የሚያገለግለውን አር የተባለ አማራጭ ይቀበልና ችላ ብሎ የአሁኑን ሰዓት ይመልስ ነበር። ስህተት ነው ብሎ አልጮኸም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ማሽኖች አዲስ ማሻሻያ መኖሩን በራሳቸው መፈተሽ አቆሙ፤ ማስተካከያው በቶሎ ወጣ።

ሦስቱም ላይ ኮድ የጻፉት ሰዎች ብቁ ናቸው። ችግሩ የመጣው ከእነሱ የዓይን እይታ ውጪ ያለ ተጠቃሚ ስላለ ነው። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ከእይታ ውጪ ያለው ተጠቃሚ ነን።

ቀኑን ማንበብ ከማውጣት ይከብዳል

የ2025ቱ ለውጥ የሚናገረው ዴት ስለሚያወጣው ቀን ነው። እኛ የምንሰጠውን ቀን ማንበብ ሌላ ሥራ ነው። 2018-01-05 የሚለውን ጽሁፍ ውሰዱ። በአውሮፓውያን ከሆነ ጃንዩወሪ 5 ቀን 2018 ነው። በእኛ ከሆነ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፣ ይህም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አለ። የአንድ ልጅ ዕድሜ በዚህ ልክ ቢሳሳት ትምህርት ቤት የሚገባበትን ዓመት ይለውጣል። ዴት ማሽኑ በአማርኛ ስለተዘጋጀ ብቻ ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ይረዳው ብለን ብንጠይቅ፣ ያው ፋይል ጎረቤት ቢሮ በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ማሽን ላይ ሌላ ቀን ይሆናል። ስለዚህ በእኔ ግምት ትክክለኛው ጥያቄ «ሎኬሉን አይተህ ገምት» የሚል መሆን የለበትም። የኢትዮጵያን ቀን ማስገባት የሚፈልግ ሰው በግልጽ የሚናገርበት አማራጭ ይኑረው፤ ካልተናገረ የድሮው ይጽና። ሰነፍ መፍትሔ ይመስላል፣ ነገር ግን የማንንም ስክሪፕት አያፈርስም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ወር መቁጠር ነው። ዴት «ከአንድ ወር በፊት» የሚል አነጋገር ይረዳል። ጁላይ 31 ላይ ሆናችሁ ብትጠይቁት ጁን 31 የሚባል ቀን ስለሌለ ጁላይ 1 ብሎ ይመልሳል። ይህ በመመሪያው ላይ የተጻፈ የታወቀ ነገር ነው፤ የወሩን 15ኛ ቀን መነሻ አድርጉ ይላል መመሪያው። የእኛ ወራት ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ከዚህ ጣጣ ነፃ ይመስሉናል። እስከ ነሐሴ ድረስ አዎ። ነሐሴ 30 ላይ «ከአንድ ወር በኋላ» ቢባልስ? ጳጉሜን 30 የለም። ጳጉሜን 5 ነው? ወይስ መስከረም 30? ወይስ ዝም ብሎ 30 ቀን ደምሮ መስከረም 25 (ስድስት ቀን በሆነች ጊዜ መስከረም 24) ይበል?

መልሱ በሒሳብ አይገኝም፣ ከኑሮ ነው የሚመጣው። ደመወዝተኛ ሰው ከነሐሴ ቀጥሎ የሚጠብቀው የደመወዝ ወር መስከረም ነው፤ ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ነው፣ ጳጉሜን ለብቻዋ አይከፈልባትም። ለእሱ «አንድ ወር» ጳጉሜንን ዘልሎ ነው። መድኃኒት ለ30 ቀን የታዘዘለት በሽተኛ ግን ጳጉሜንን መዝለል አይችልም። ለሁለቱም ዓይነት ቆጠራ ቦታ የሚተው ንድፍ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ አየርላንድ ወይም አሜሪካ ያለ ፕሮግራመር፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከራሱ ሊያመነጨው አይችልም። አንድ የሒሳብ ሠራተኛና አንድ የጤና ጣቢያ መዝገብ ያዥ ጠይቆ በሁለት ገጽ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል።

ስለ ሰዓቱም ጠያቂ አለ፤ ዴት ለምን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» አይልም? እዚህ ላይ እኔ ከጠያቂዎቹ ጋር አይደለሁም። ክሮን በተባለው የሥራ ማስጀመሪያ ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ለማለት የሚጻፈው 2 ነው፤ ሁለቱን ቆጠራ አንድ ማሽን ላይ ማደባለቅ ባክአፕን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም በሥራ ላይ እያለ፣ ማስነሳት ነው። ወር ስም አለው፣ መስከረም ሲባል ማንም ከሴፕቴምበር ጋር አያምታታውም። ሰዓት ግን ቁጥር ብቻ ነው፣ 2 የትኛው 2 እንደሆነ አይናገርም። ሰሌዳ ላይ የሚታይ ሰዓት የሚፈልግ ሰው ስድስት ሰዓት የሚቀንስ የሁለት መስመር ስክሪፕት ይጻፍ።

ሁሉም ስሞች በአንድ ፊደል ሲጀምሩ

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ፊደል ነው። ጋምቤላ የሚለው ቃል አራት ፊደል ነው። ደብሊውሲን በባይት ቁጠር (አማራጭ ሲ) ብትሉት 12 ይላል፣ በፊደል ቁጠር (አማራጭ ኤም) ብትሉት 4 ይላል፤ በኤኮ ከላካችሁት የመስመር መጨረሻው ስለሚቆጠር 13 እና 5 ይሆናል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1992 ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በፈጠሩት ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ለምሳሌ ጋ በአሥርዮሽ 225፣ 140፣ 139 ነው። ደብሊውሲ ይህንን ለይቶ ያውቃል፤ ተመስገን።

ከት ግን ችግር አለበት። ፖዚክስ የተባለው ደረጃ ለከት ሁለት የተለያዩ አማራጮች ይሰጠዋል፤ ቢ ለባይት፣ ሲ ለፊደል። በኡቡንቱ 22.04 እና 24.04 ላይ ያለው የግኑ ከት ሁለቱንም እንደ ባይት ነው የሚያያቸው። መመሪያውም ይህ ለጊዜው እንደሆነና ወደፊት እንደሚለወጥ ለብዙ ዓመታት ሲናገር ኖሯል። ፌዶራና ሱሴ የራሳቸውን ጥገና ጨምረው ይህን ሲያስተካክሉ፣ ደቢያንና ኡቡንቱ ሳይጨምሩ ቆይተዋል። እናም አንድ ዓይነት ትእዛዝ በሁለት ማሽን ላይ ሁለት መልስ ይሰጣል።

ጉዳቱ በተግባር እንዲህ ነው። የተማሪዎች ስም በአማርኛ የተጻፈበት ፋይል አለን እንበል፤ ጋትሉዋክ፣ ኦባንግ፣ ኒያሉዋክ፣ ኡሞድ እያለ የሚሄድ። በየመጀመሪያ ፊደሉ ስንት ስንት ተማሪ እንዳለ ለማወቅ ከት የመጀመሪያውን ፊደል እንዲወስድ፣ ሶርት እንዲደረድር፣ ዩኒክ እንዲቆጥር በፓይፕ እናያይዛቸዋለን። በኡቡንቱ 24.04 ላይ የምናገኘው መልስ አንድ መስመር ነው፦ የተማሪዎቹ ጠቅላላ ቁጥርና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት የመሰለ ነገር። ለምን? ከት የወሰደው የመጀመሪያውን ባይት ነው፤ ከሀ ጀምሮ ያለው ዋናው የግዕዝ ፊደል ገበታ በሙሉ ደግሞ የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው። ለኮምፒውተሩ ጋትሉዋክም ኦባንግም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ቲአር የተባለው ፊደል ቀያሪም የዚሁ በሽታ ተጠቂ ነው፤ ሀን በሐ ቀይር ቢሉት ባይት ከባይት አጋጭቶ ጽሁፉን ሊያበላሽ ይችላል።

እስከዚያው ምን እናድርግ ለሚል፦ ግሬፕና ሴድ በዩቲኤፍ 8 ሎኬል ላይ ፊደልን በትክክል ያውቃሉ። በግሬፕ ኦ የሚለውን አማራጭ ይዞ የመስመሩን መጀመሪያ አንድ ፊደል ብቻ ማውጣት ከላይ ያለውን ሥራ በትክክል ይሠራል። ባሽ ራሱም ከአንድ ቃል ላይ ፊደል ቆርጦ ማውጣት ይችላል። ኦክ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ግኑ ኦክ ፊደል ያውቃል፣ እነዚህ የኡቡንቱ እትሞች በመደበኛነት ይዘውት የሚመጡት ማውክ ግን በባይት ነው የሚቆጥረው። ደግሞም የመገልገያው እትም ከተለወጠ መልሱም ሊለወጥ ስለሚችል፣ ማንኛውንም ሙከራ ከማድረጋችሁ በፊት ትእዛዙን ቨርዥን ከሚለው አማራጭ ጋር ጠርታችሁ የትኛው እትም እንደሆነ መዝግቡ።

(በነገራችን ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ የሚያመጡት የስም ፍለጋ ጣጣ የመገልገያዎቹ ጥፋት አይደለም። ግሬፕ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሦስቱንም ሀ ብትሰጡት ሦስቱንም ይፈልጋል። የኃይሉና የሀይሉ ነገር የእኛው የቤት ሥራ ነው።)

ስማቸው በዝርዝሩ ላይ የሌለ ቋንቋዎች

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አማርኛን ነው የሚመለከተው። ጋምቤላ ውስጥ ግን ቤት ውስጥ የሚነገረው ኑዌር ነው፣ አኙዋ ነው፣ ማጃንግ ነው፣ ኦፖና ኮሞ ነው። በግኑ ሲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኢትዮጵያ ተብለው ከተመዘገቡት ሎኬሎች መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አፋርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ግዕዝ አሉ። የእኛ ክልል ቋንቋዎች አንዳቸውም የሉም።

ይህ ደግሞ የስም ክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቴክኒካዊ ትርጉም አለው። ኑዌር የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ ነገር ግን እንግሊዝኛ የማያውቃቸው ፊደሎች አሉት፦ ጭራ ያላት ኤን፣ ክፍት ኢ፣ ተገልብጣ ሲ የምትመስለው ክፍት ኦ። ሲ በሚባለው ሎኬል ስንደረድራቸው እነዚህ ሁሉ ከዜድ በኋላ ይጣላሉ፤ በጭራማዋ ኤን የሚጀምር ስም ያለው ተማሪ ሁልጊዜ የዝርዝሩ ግርጌ ላይ ነው። ሌላም አለ። ኑዌር አናባቢዎችን ለመለየት ከሥራቸው መስመር ያሰምራል። ከሥሩ መስመር ያለበት ኤ ለአንባቢው አንድ ፊደል ነው፤ ለዩኒኮድ ግን ሁለት ነገር ነው፣ ኤ አንድ፣ መስመሩ አንድ። ስለዚህ ለአማርኛ በትክክል የቆጠረው ደብሊውሲ ለኑዌር 1 በማለት ፋንታ 2 ይላል፤ ከት ነገ ፊደል ቢያውቅ እንኳ ኤን ቆርጦ መስመሩን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ማለትም የአማርኛው ችግር ሲፈታ የኑዌሩ ግማሹ ገና ይቀራል። አንድ የማሻሻያ ሐሳብ በጋምቤላ ከተፈተነ በሁለቱም ይፈተናል፤ አዲስ አበባ ላይ ብቻ የተፈተነ እንደሆነ ግን ይህን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

መነሻ አለ። ሲኤልዲአር የሚባለው የዩኒኮድ ድርጅት የቋንቋዎች መረጃ ክምችት ውስጥ ኑዌር ለደቡብ ሱዳን ተብሎ ገብቷል፤ የፊደል ዝርዝሩም የቀናት ስሙም እዚያ አለ። ከዚያ ተነስቶ ለኢትዮጵያ ኑዌር የሎኬል ፋይል ማዘጋጀት ፕሮግራም መጻፍ አይደለም። ቅጽ መሙላት ነው ማለት ይቻላል። ግን ቅጹን የሚሞላው ቋንቋውን የሚያውቅ መሆን አለበት፤ በክፍላችን ደግሞ እንደዚህ ያሉ ተማሪዎች ሞልተዋል። ለአኙዋ ከመጀመሪያው መነሳት ይጠይቃል።

ሐሳብ እንዴት ይቀርባል?

ኮርዩቲልስን የሚጠብቁት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ከታወቁት መካከል ጂም መየሪንግ፣ ፖል ኤገርትና ፖድሪግ ብሬዲ ይገኙበታል። የመጣላቸውን ሁሉ አይቀበሉም። እንዲያውም ውድቅ ያደረጓቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር ለሕዝብ አስቀምጠዋል። ይህን ዝርዝር ማንበብ ከብዙ የሶፍትዌር ምህንድስና ምዕራፍ ይበልጣል ባይ ነኝ። ደጋግሞ የሚታየው ምክንያት «ይህን ሌላ መገልገያ ይሠራዋል፤ በፓይፕ አያይዘው» የሚል ነው። ከት ዓምዶችን ቅደም ተከተላቸውን ቀይሮ እንዲያወጣ መጠየቅ ለምሳሌ ኦክ እያለ ትርፍ ነገር ነው። አንድ አማራጭ አንዴ ከተጨመረ በኋላ ለዘለዓለም መጠበቅ አለበትና፣ ስስታቸው ይገባኛል።

ሦስት በሮች አሉ። የሎኬል መረጃ የሚሄደው ወደ ሲኤልዲአርና ወደ ግኑ ሲ ቤተ መጻሕፍት ነው። የመገልገያው ባሕርይ ጉድለት የሚሄደው ወደ ኮርዩቲልስ (ካል ከሆነ ወደ ዩቲል ሊኑክስ) ነው። ሰፋ ያለ ኮድ ለኮርዩቲልስ የሚሰጥ ሰው የቅጂ መብቱን ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚያስተላልፍበት ወረቀት መፈረም ይኖርበታል፤ ለጥቂት መስመር ጥገና ግን አይጠየቅም። ዩዩቲልስ ደግሞ ራሱን የሚመዝነው በግኑ የሙከራ ስብስብ ስለሆነ፣ ወደ ግኑ የሙከራ ስብስብ የገባ አንድ የአማርኛ ሙከራ ሁለቱንም ፕሮጀክቶች ይጠቅማል። በአንድ ጥይት ሁለት ወፍ እንደሚባለው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው የአንድ ሴሚስተር ሥራ ኮድ በመጻፍ አይጀምርም። ኢንተርኔቱ ቢቆራረጥም የሚሠራ ነው፤ የሚያስፈልገው አንድ የድሮ ኡቡንቱና አንድ አዲስ ኡቡንቱ የተጫነባቸው ሁለት ማሽኖች ናቸው፣ መብራት ባለበት ሰዓት። አንደኛው ቡድን ከላይ ያየነውን የከትና የቲአር ሙከራ በሁለቱም ላይ ሠርቶ፣ የተሰጠውን፣ የተጠበቀውንና የተገኘውን በአንድ ገጽ ይጽፋል። ሁለተኛው ቡድን፣ ኑዌርና አኙዋ የሚናገሩ ተማሪዎች፣ የፊደል ቅደም ተከተሉንና የቀናትና የወራት ስሞችን ከቋንቋ መምህራን ጋር ያጣራል፤ አለመግባባት ካለ ሁለቱንም ይመዘግባል። ሦስተኛው የቀን ሙከራ ያዘጋጃል። ይህ ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፣ ግን አስቸጋሪ ቀኖች መምረጥ አለበት። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆኑን ይሞክር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መዋሉን፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 መሆኑን ይሞክር። በመጨረሻም ብዙ የስልክና የድረ ገጽ መቀየሪያዎች ሊወድቁበት የሚችሉትን ይጨምር፦ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም.። በለመድነው ደንብ ሴፕቴምበር 11 ላይ መዋል ነበረበት፤ ነገር ግን አውሮፓውያን በ2100 ፌብሩወሪን 29 ስለማያደርጓት ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። የደንቡን ሠንጠረዥ ገልብጦ የጻፈ ፕሮግራም 11 ይላል፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ የቆጠረ 12 ይላል።